ጎሚስታ ቤት፣ ወንጂ መታጠፊያ

ሬዲዮኑ ከጎማ ክምር ላይ ተቀምጦ
የምክር ቤቱን ድምፅ ያወጣል ቆራርጦ፤
በደህናው ጉልበቴ ከክሪኩ ታክኬ
የሸምሱን ጎማ እፈታለሁ ተንበርክኬ።
ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ ሙቀቱ ጀመረ፤
ከወንጂ የመጣ የሸንኮራ ጥላሸት ልብሳችን ላይ አደረ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ» አለ አንዱ፣ ጠርጎ ጉሮሮውን፣
«ዛሬ ብንወጣ ነገ ማን ይጠብቃል በራችንን?
የወደቁት ጓዶች አጥንት ምን ይለናል?»
ሌላው ተነሣና፦ «አጥንት መቁጠር ይበቃናል!
በማን ጥሪ ገባን? በማንስ ሂሳብ ነው?
ሬሳ የሚመጣው በሌሊት ለምንድን ነው?»
ጭብጨባ። ማጉረምረም። ደወል። «ሥርዓት! ሥርዓት!»
ሦስተኛው መሐል ገባ፣ በለሰለሰ አንደበት፦
«በምዕራፍ፣ በጥናት፣ ደረጃ በደረጃ…»

ምዕራፍ ስንት ቀን ነው? ስንት ሰው ነው ደረጃ?

እዚህም ምክር ቤት አለን፣ ጎማ ነው ወንበሩ፤
ሸምሱ ተናገረ፣ ትናንት ገላፊ ነው አዳሩ፦
«ይውጡ እንጂ! የሰው ቤት እሳት ስናጠፋ
ለገዛ ጎጇችን አንድ ባልዲ ጠፋ።»
ጋሽ ሰይፉ፣ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሠላሳ ዓመት፣
በከዘራቸው አፈሩ ላይ ካርታ ሣሉ፣ መስመር ሰጡት፦
«ይኸ ድንበር ነው፣ ልጄ፤ ይኸ ደግሞ እሾህ፤
አንተ ብትተወውም እሱ ይመጣል ፈልጎህ።»
አንድ ባጃጅ ካርታውን ረግጦት አለፈ።
ደግመው ሣሉት፤
ድንበሩ በዚህኛው ትንሽ ወዲህ ተጠጋ።

እኔን አይጠይቁኝም። ማዶ እንደነበርኩ ያውቃሉ፤
ጉልበቴን ያያሉ፣ ዓይናቸውን ይሰብራሉ።
ከመነዳሪውን ነፍቼ ገንዳው ውስጥ ነከርኩት፤
ዓይን የሳተውን ቀዳዳ ውሃው ሲናገር ሰማሁት፤
ቡልቅ…
ቡልቅ…

አዴ ሎሚ መጡ፣ ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው፤
ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፣ ሰፈራቸው መብራት የለው።
«ቻርጅ አድርግልኝ፣ ልጄ፤ በዚያውም ደውልልኝ።»
ደወልኩ። ያቺው የማትደክም ሴት መለሰችልኝ፦
የደወልኩላቸው ደንበኛ ሊገኙ እንዳልቻሉ፣
ቆይቼ እንድሞክር። አዴ ሎሚ ሳቅ አሉ፦
«ደንበኛ ትለዋለች፣ እኔ የወለድኩትን!
ምን ገዛ? ከማን ሱቅ? ማን በላበት መልሱን?»

ሸምሱ ጫማውን አየ። ጋሽ ሰይፉ አሳላቸው።
«እዚያስ ምን ይላሉ?» ወደ ሬዲዮኑ ነው አገጫቸው።
«ስለ መውጣት ነው፣ እናቴ፤ ክርክር ይዘዋል።»
«ክርክሩን ተወው። ወሩን ንገረኝ፤ ወሩ ይበቃኛል።
መቼ ነው የሚወጡት?»

ይህን አንዴ ተጠይቄያለሁ፣
ማዶ፣ በሌላ ቋንቋ።
ፍየሏን በኦራላችን የገጨንባት አሮጊት
ከጉድጓዱ አፋፍ ቆማ አንድ ነገር ተናገረች፤
አስተርጓሚያችን አፍሮ ቆየ፣ ከዚያ ነው የነገረኝ፦
«መቼ ነው የምትወጡት? ትላለች።»
ብር አውጥቼ ሰጠኋት፣ ለፍየሏ።
እሷ ግን ዋጋ አልጠየቀችኝም።

ማዶ ላለችው ያልመለስኩትን
እዚህ ላሉት ከየት አመጣላቸዋለሁ?
የሁለቱም እናቶች ጥያቄ አንድ ዓይነት መሆኑን
ለየትኛው ክቡር አፈ ጉባኤ አስመዘግባለሁ?

ሬዲዮኑ «ጉዳዩ ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቷል» አለ፤
የተረፈው ደቂቃ ለአየር ጠባይ ዋለ።
አዳማ፣ ሠላሳ ሦስት። ይህን የሚቃወም አልተገኘም።

ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፣
ማስቲሽ ቀባሁ፣ እፍ አልኩበት፣ ልጣፉን ለጠፍኩ።
«ስንት ቀን ይይዛል?» አለ ሸምሱ።
«እንጃ» አልኩት፣ «መንገዱን ጠይቀው።»

አዴ ሎሚ ከአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው
ስልኩ እስኪሞላ ይጠብቃሉ።
አሥራ አራት በመቶ።
አሥራ አራት በመቶ።
አሥራ አምስት።